የአባቴ እግርና የሕዋስ ትምህርት

በዚህ ትምህርት ቤት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽሜ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ክረምት ወደ ቤተ ሰቤ ስመለስ የባዮሎጂ መምህራችንን በገበያው መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፥ «ለመሆኑ የምትማሪው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፥ «ባዮሎጂ ነው፤ ይልቁንም ስለ ሕዋስና ስለ ነርቭ» አልኋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እንግዲያውስ ይህን ለመጽሔታችን ጻፊው፤ ታናናሾችሽ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ስሙን የሚያውቁት የሕክምናንና የምሕንድስናን ብቻ ነው» ብለው አዘዙኝ። የመምህር ትእዛዝ ነውና እንቢ ለማለት አልደፈርሁም። ነገር ግን ስለ ትምህርቱ ብቻ ልጽፍ ብዕሬን ባነሣሁ ቍጥር የአባቴ እግር ከፊቴ ይደቀናል። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ ታገሡኝ፤ ሁለቱን ነጣጥዬ ለመጻፍ አልሆነልኝም።

አባቴን ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው ዳር ጨውና ክብሪት፥ ሳሙናና ሻማ ዘርግተው የሚቸረችሩት፥ ሲነሡም ሁለት ምርኵዝ ይዘው፥ ጕልበታቸው እርስ በርሱ እየተጋጨ፥ በእግራቸው ጣት ጫፍ እየረገጡ የሚሄዱት ሰው ናቸው። ከደላንታ ወደዚህ ከተማ የመጡትም ማረስ ስለ ተሳናቸው ነው። እግራቸው የተያዘው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር፤ እኔ ዛሬ የደረስሁበት ዕድሜ ማለት ነው። በዚያ ወቅት ዝናቡ አጥሮ ስንዴውም ምስሩም ሲጠፋ በዋልካው መሬት ላይ የቀረው ጓያ ብቻ ነበር። ጠዋት የጓያ ቂጣ፥ ቀን የጓያ ንፍሮ፥ ማታ የጓያ ሽሮ እየተበላ ወራት አለፉ። አንድ ማለዳ አባቴ በሬዎቹን ሊጠምዱ ሲነሡ እግራቸው እንደ ደረቀ እንጨት ገተረባቸው። በማግስቱም፥ በሳምንቱም፥ በዓመቱም አልተፈታም። ከ1988 እስከ 1991 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም ወጣት ወንዶች፥ እንደዚሁ ሆነው ቀርተዋል። ከዚያም አስቀድሞ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ በደንቢያና በፎገራ ተመሳሳይ መከራ ደርሶ ነበር። የአገራችን ሰው ይህን በአጭሩ «ጓያ ሰበረው» ይለዋል።

እናቴ አባቴን ያገቡት ከዚህ በኋላ ነው። የጋብቻው ነገር ሲነሣ ዘመዶቻቸው ቢቃወሙ፥ «የማገባው ሰውየውን እንጂ በሬዎቹን አይደለም» አሉ ይባላል። እናቴ ግን ይህን ማለታቸውን እስከ ዛሬ አላመኑልኝም።

ስለ ሕመሙ ምክንያት በቤታችን የሚነገረው ብዙ ነበር። አንዳንዱ ምች ነው ይላል። አንዳንዱ ጠል ሳይረግፍ በጓያ ማሳ ውስጥ የሄደ ሰው ይሰበራል ይላል። አብዛኛው ሰው ግን፥ አያቴም ጭምር፥ የሚያምነው ጓያ ሲቀቀል ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት እግርን ይይዛል ብሎ ነው። ስለዚህ አያቴ ድስት ሲከፍቱ ክዳኑን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው፤ ጎመንም ቢሆን፥ ድንችም ቢሆን። እኔም ሕፃን ሳለሁ ከእንፋሎት ስሸሽ አድጌአለሁ።

እንግዲህ የአባቴ ተስፋ ምን እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። «ልጄ ዶክተር ሆና ይህን እግር ታቃናዋለች» እያሉ ለጨው ገዢው ሁሉ ይነግሩ ነበር። እኔም ይህን እየሰማሁ ስላደግሁ ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ከመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዓመት በኋላ ግን ተማሪ ሁሉ በውጤቱ በየክፍሉ ሲደለደል ሕክምና ለእኔ ሳይደርሰኝ ቀረ። ከተቈረጠው ነጥብ የጐደለኝ ጥቂት ነበር፤ ጥቂት መሆኑ ግን ይብስ አስለቀሰኝ። በሁለተኛ ምርጫዬ ባዮሎጂ ተመደብሁ። አንዳንድ ጽሑፎች ላይ ሰዎች ሙያቸውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው እንደ መረጡት ሲናገሩ አነባለሁ፤ እኔ ግን እውነቱን ልናገርና ወደዚህ ትምህርት የገባሁት በሩ ሲዘጋብኝ ነው። ለአባቴም በስልክ የነገርኋቸው «ወደ ሕክምና የሚያደርስ ትምህርት ጀምሬአለሁ» ብዬ ነበር። ይህ ሐሰት ነው ባይባልም እውነት ነው ማለትም ያስቸግራል።

አሁን ስለ ትምህርቱ ልናገር። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕዋስ ባዮሎጂን፥ የነርቭ ሳይንስንና የባዮሜዲካል ሳይንስን ለየብቻ ስም ሰጥተው በባችለር ዲግሪ ያስተምራሉ፤ ጊዜውም በእንግሊዝ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት፥ በአሜሪካ 4 ዓመት ነው። እኔ ባለሁበት ደግሞ እነዚህ ሁሉ በባዮሎጂ ጥላ ሥር ይመጣሉ፤ የአካል አሠራርን፥ ባዮኬሚስትሪንና አናቶሚን አጥልቆ መማር የሚፈልግ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ማስተርስ ይሻገራል። ወደ ሕዋስ ለመድረስ ግን አስቀድሞ ኬሚስትሪ፥ ፊዚክስና ስታቲስቲክስ መንገዱ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። «ባዮሎጂ የሽምደዳ ትምህርት ነው፥ ሒሳብ የለበትም» ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፥ እኔም እንደ እናንተ አስብ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ፈተና ላይ ሐሳቤን ለወጥሁ።

ሕዋስ የሚለውን ስም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራችሁ ታውቁታላችሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የቡሽ ቅጠልጣይ በማይክሮስኮፕ አይቶ ትንንሾቹን ክፍሎች ሴል አላቸው፤ ኋላም በ1838 እና በ1839 ሽላይደንና ሽቫን የተባሉ ጀርመኖች ዕፅዋትም እንስሳትም በሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን አስተማሩ። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ነገር ግን ማጥናትና ማየት የተለያዩ ናቸው። አንድ ቀን የላቦራቶር አስተማሪያችን ከቄራ የመጣ የበሬ ሕብለ ሰረሰር ይዘው ገቡ። ከመካከሉ ካለው ግራጫ ክፍል የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ቈርጠን፥ በሁለት መስታወት መካከል ጨፍልቀን፥ ሜቲሊን ብሉ በተባለ ሰማያዊ ቀለም ነከርነው። ማይክሮስኮፑ ለአምስት ተማሪ አንድ ስለ ነበር ተራዬ እስኪደርስ ብዙ ጠበቅሁ። ዓይኔን ሳስጠጋ መጀመሪያ ያየሁት ሰማያዊ ጭጋግ ብቻ ነበር። ቀስ እያልሁ ሳስተካክለው ግን ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ትልቅ ሕዋስ ብቅ አለ፤ በዙሪያው እንደ ዛፍ ሥር የተዘረጉ ክንዶች አሉት፥ በመካከሉም ክብ ኒውክሊየስ እንደ ዓይን ያየኛል። ይህ የበሬውን ጡንቻ ያዝዝ የነበረ ሕዋስ ነው። በሬው ሞፈር ሲስብ ይህ ሕዋስ «ሳብ» ይለው ነበር ማለት ነው። ከኋላዬ ያለው ልጅ ተራውን እየጠየቀ ትከሻዬን ቢነካኝም አልነሣ አልሁ፤ ኋላም አስተማሪያችን ተቈጥተው አስነሡኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ነርቭ ሕዋስ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 የነርቭ ሕዋስን በብር ውሕድ አጥቍሮ ብቻውን እንዲታይ የሚያደርግ ዘዴ አገኘ። ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል ደግሞ በዚያው ዘዴ ተጠቅሞ ነርቭ እንደ መረብ የተያያዘ አንድ ነገር ሳይሆን እያንዳንዱ ሕዋስ ለብቻው የቆመ መሆኑን አስረዳ። ጎልጂ ይህን እስከ መጨረሻው አልተቀበለም። በ1906 የኖቤል ሽልማትን ለሁለቱ አካፍለው ቢሰጧቸው በሽልማቱ ንግግር ላይ እንኳ ጎልጂ ከካሃል ጋር ያለውን ጠብ አልተወም። ታላላቅ ሰዎችም እንደ እኛ ይኰራረፋሉ።

ከአንጎላችን የላይኛው ቅርፊት የሚነሡ የፒራሚድ ቅርጽ ያላቸው ታላላቅ ሕዋሳት አሉ። የትልቆቹ ስፋት ወደ አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር ሲደርስ፥ ከእነርሱ የሚወጣው ክር ግን እስከ ወገባችን ወርዶ ከግማሽ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሕዋሱ አምስት ሜትር ስፋት እንዳለው ጎጆ ቢሆን ክሩ የሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ይሆን ነበር። ጎጆው የክሩን ሁሉ ቀለብ እየሠራ መላክ አለበት። ክሩ ወገብ ላይ ሲደርስ መልእክቱን ለሁለተኛ ሕዋስ፥ እኔ በበሬው ላይ ላየሁት ዓይነት ሕዋስ፥ ያስረክባል፤ ሁለተኛውም ወደ እግር ጡንቻ ያደርሰዋል። መልእክቱ የሚሄደው ሶዲየምና ፖታሲየም በክሩ ግድግዳ ላይ ባሉ በሮች በመግባትና በመውጣት ነው። ይህንንም ሆጅኪንና ሃክስሌይ የተባሉ እንግሊዛውያን ስኩዊድ ከተባለ የባሕር እንስሳ በተገኘ ወፍራም ነርቭ ላይ ሞክረው በ1952 በሒሳብ ቀመር ጽፈውታል። ሒሳብ እዚህም አልቀረልንም።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ስለ ግሉታሜት ትምህርት ነበረን። ግሉታሜት አንዱ የነርቭ ሕዋስ ሌላውን «ተነሣ» ብሎ የሚቀሰቅስበት ንጥረ ነገር ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲያስረዱ ቈይተው፥ ግሉታሜትን የሚመስል ሌላ ነገር ወደ ሕዋሱ ቢመጣ ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም። በሰሌዳው ላይ ኦዳፕ የሚል ስም ጻፉና፥ በ1964 በህንድ አገር ሊቃውንት ተለይቶ የታወቀ መርዝ መሆኑን ነገሩን። ቀጥለውም በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መካከል አንድ የአማርኛ ቃል ተናገሩ፤ «ጓያ» አሉ።

እጄ ላይ የነበረው እርሳስ ወደቀ። የቤታችን ቃል፥ የአያቴ ድስት ቃል፥ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይነገራል ብዬ ከቶ አላሰብሁም ነበር። ስለ አባቴ ማንም የሚያውቅ ባይኖርም ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦዳፕ ግሉታሜትን ስለሚመስል በግሉታሜት መቀበያ ላይ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሕዋሱም ያለ ልክ ይቀሰቀሳል። በሮቹ ተከፍተው ካልሲየም ይጎርፍበታል፤ የሕዋሱ የኀይል ምንጭ የሆኑት ሚቶኮንድሪያዎች ይታወካሉ፤ በመጨረሻም ሕዋሱ ይደክማል ወይም ይሞታል። ይልቁንም የሚጎዱት እነዚያ ከአንጎል እስከ ወገብ የሚወርዱት ረጃጅም ክሮች ናቸው። ሁለተኛው ሕዋስ ግን በአመዛኙ ይተርፋል፤ የሚገታው ጌታ ስለሌለው ጡንቻውን ሳያቋርጥ ይወጥረዋል። ፖሊዮ የያዘው እግር የሚልፈሰፈሰውና ጓያ የሰበረው እግር የሚገትረው ስለዚህ ነው፤ ፖሊዮ የሚገድለው ሁለተኛውን ሕዋስ ነውና። የአባቴ እጅ ጤነኛ የሆነው፥ እሾህ ቢወጋቸው የሚሰማቸው፥ የሰውን ዱቤ ያለ መዝገብ የሚያስታውሱት፥ እግራቸው ብቻ መቀስ የሆነው ለምን እንደ ሆነ ያን ቀን ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት አካሄድ በአንድ የሰሌዳ ሥዕል ላይ ተገለጠ። የሞተው ሕዋስ ግን እንደማይመለስ በዚያው ሰዓት ተምሬአለሁ። ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ጥቂት ያቃልል ይሆናል እንጂ እግሩን የሚያቃና ሐኪም የለም። ሕክምና ደርሶኝም ቢሆን ኖሮ አላቃናውም ነበር።

በቤተ መጻሕፍት ስፈልግ ጓያ የሰበረው የእኛን ሰው ብቻ አለመሆኑን አገኘሁ። በ1811 እና በ1812 በማድሪድ ከተማ ራብ በሆነ ጊዜ ድኾች በጓያ ገንፎ ሲኖሩ አንድ ታላቅ ሠዓሊ፥ የከሱት ሰዎች ገንፎውን ከበው ሲቀበሉ የሚያሳይ ሥዕል ሠርቷል። የሠዓሊው ስም ፍራንሲስኮ ጎያ ነው። ስሙን ሳነብ ብቻዬን ስቄ የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ገሠጹኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ዛሬ በዩክሬን ባለው በቫፕኒያርካ የእስረኞች ሰፈር፥ ሮማንያውያን አሳሪዎች አይሁድ እስረኞችን በ1942 ክረምት ለከብት የሚሰጥ ጓያ ቢመግቧቸው ብዙዎች ሽባ ሆኑ። የሕመሙን ምክንያት ያወቀው ራሱ እስረኛ የነበረው ዶክተር አርቱር ኬስለር ነው። በአገራችንም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ስለ ጓያ ሕመም ብዙ ጥናት አድርገዋል።

በዚያ ክረምት ወደ ቤት ስገባ እውቀቴ ሞልቶ የሚፈስ እንስራ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው እሑድ ጎረቤቶች ለቡና ተሰበሰቡ። እኔም ከምድጃ ከሰል አንሥቼ ሕዋሱንና ክሩን በመደቡ ላይ ሣልሁላቸው። ሰዎቹ ይህን ያህል ያዳምጡኛል ብዬ አልጠበቅሁም። አንዲት ጎረቤታችን፥ «ታዲያ እንፋሎቱ ነው አይደል ወደ ሰውነት የሚገባው?» አሉ። እኔም እንደ መምህር ድምፄን ከፍ አድርጌ፥ «እንፋሎት አይደለም። መርዙ የሚገባው በመብላት ነው፤ ብዙ የበላ ይሰበራል» አልሁ።

አያቴ ሁለተኛውን ስኒ ይዘው ነበር። ጥቂት ቈይተው፥ «ለእሱ ነበር አብልጬ የምሰጠው። አራሽ ነው ብዬ» አሉ። ይህን ለማንም አልተናገሩትም፤ ስኒውን አይተው ነው የተናገሩት። ከዚያም ነጠላቸውን አንሥተው በረካውን ሳይጠጡ ወደ ጓዳ ገቡ። አያቴ በረካ ሳይጠጡ ከቡና ሲነሡ አይቼ አላውቅም። በዚያ ክረምት ለአባቴ እህል ማቅረብንም ተዉ፤ ሌማቱን ለእናቴ ይሰጡና ዞር ይላሉ።

ማታ አባቴ ጠሩኝ። የሚቈጡ መስሎኝ ነበር፥ አልተቈጡም። «ባትነግሪያትስ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«እውነት ነው እኮ አባዬ» አልሁ።

«እውነት መሆኑን መች አጣሁት? ያን ጊዜ ሊመረምሩን የመጡት ሐኪሞች ነግረውኝ ነበር። መብላቱ ነው አሉኝ። እኔ ግን ለእናቴ አልነገርኋትም፤ እንፋሎት ነው ስትል እንፋሎት ነው እያልሁ ኖርሁ።»

እኔ ሁለት ዓመት ተምሬ ያገኘሁትን አባቴ እኔ ሳልወለድ ያውቁት ነበር። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወደ ዩኒቨርሲቲም የተመለስሁት ቀኑ ሳይደርስ ነው፤ ምክንያቱን ለማንም አልነገርሁም፤ ዛሬ መጻፌ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ባዮኬሚስትሪ ስንማር ነገሩ አሁንም ሌላ ገጽ እንዳለው ተረዳሁ። ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ በልክ የሚበላ ሰው በጥጋብ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ አይሰበርም። ጉዳቱ የሚመጣው ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ጥራጥሬ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን የተባሉ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያንሱታል፤ ስንዴና ገብስ ግን ከእርሱ ይልቅ አሏቸው። ሕዋስ ራሱን ከጉዳት የሚጠብቅበትን ግሉታታዮንን የሚሠራው ከሲስቴይን ነው። ስለዚህ ራብ አስቀድሞ የሕዋሱን ጋሻ ይገፍፈዋል፤ መርዙም የሚመጣው ጋሻው ከወደቀ በኋላ ነው። ጓያ ደግሞ ውኃ ሲተኛበትም፥ ድርቅ ሲመጣም የሚችል፥ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን የሆነ እህል ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚተርፈው እርሱ ነው። ሰው በክፉ ዘመን እርሱን ብቻ የሚበላው ስለዚህ ነው። መርዙ አነስተኛ የሆነ ዋሴ የተባለ ዘርም በአገራችን ወጥቷል። ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፥ ሁሉን ባያስወግድም፥ መርዙን ይቀንሳል፤ መርዙ በውኃ ይሟሟልና።

ይህን ይዤ ባለፈው ክረምት መጣሁ። ይህን ጊዜ ግን ከሰል አላነሣሁም፥ ጎረቤትም አልጠራሁም። አያቴ ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ተቀምጬ ቀስ ብዬ ነገርኋቸው። ጥፋቱ የራቡ እንጂ የእሳቸው እጅ እንዳልሆነ፥ ያን ጊዜ ባይሰጧቸው ኖሮ አባቴ በራብ ይሞቱ እንደ ነበር፥ እንደ ተማርሁት አስረዳሁ። አያቴም እጃቸው ከሰፌዱ ላይ ሳይነሣ ሰሙኝ። ስጨርስ እንዲህ አሉ፦

«ጓያው ባይኖር አንቺን የሚወልድ አባት አይኖርም ነበር። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም። የከበደኝ እሱ አይደለም። የከበደኝ አባትሽ እያወቀ ይህን ሁሉ ዓመት ከእጄ መብላቱ ነው።»

ለካ አባቴ በመካከሉ ሁሉን ነግረዋቸው ኖሯል። እኔም ለዚህ የሚሆን ትምህርት አልነበረኝምና ዝም ብዬ ምስሩን አብሬ ለቀምሁ። በዚያ ምሽት የአባቴን ራት ያቀረቡት አያቴ ናቸው።

አሁን ወደ መምህራችን ትእዛዝ ልመለስ። ይህን ትምህርት ለመማር የምታስቡ ታናናሾቼ፥ ኬሚስትሪንና ሒሳብን አትናቁ፤ እንግሊዝኛችሁንም ከአሁኑ አጠንክሩ፤ መጻሕፍቱ ወፋፍራም ናቸው፥ ፈተናውም አይጠብቅም። የላቦራቶር ዕቃና ኬሚካል እየጐደለ ሙከራውን በሰሌዳ ላይ ብቻ የምንማርበት ጊዜ አለ፤ ይህን ስናገር ትምህርቱን ልንቅ አይደለም፥ ሳታውቁ ገብታችሁ እንዳታዝኑ ብዬ ነው። ከተመረቁት መካከል መምህራን የሆኑ፥ በምርምር ቦታ የሚሠሩ፥ በማስተርስ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ገብተው የአካል አሠራርን የሚያስተምሩ አሉ፤ ሥራ ፍለጋ የሚንገላቱም አሉ። «ዶክተር» የሚል መጠሪያ አይሰጣችሁም። ወላጆችም ይህን የምታነቡ ከሆነ፥ ልጃችሁ ሕክምና አልደረሰውም ብላችሁ እንደ ሞተ አትቍጠሩት። እኔ ለአባቴ ሐኪም አለመሆኔን በግልጥ የነገርኋቸው ገና ባለፈው ክረምት ነው። እሳቸውም፥ «ለጨው ገዢዎቼ ምን ልበላቸው ታዲያ?» ብለው ሣቁ፤ ከልባቸው መሆኑን ግን አላውቅም።

በሚመጣው ዓመት ለመመረቂያ የሚሆን የምርምር ሥራ እንሠራለን። የእኔ ጓያ በተለያየ መንገድ ተዘፍዝፎ ከታጠበ በኋላ ምን ያህል ኦዳፕ እንደሚቀርበት መለካት ነው። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ኬሚካል ሲጨመርበት ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፥ ቢጫውም በደመቀ መጠን መርዙ ይበዛል። ኬሚካሉ እስኪገኝ ድረስ ለምኜ ደጅ ጠንቼአለሁ፤ አሁን እንደሚመጣ ተነግሮኛል።

የምመለስበት ቀን ሲደርስ አያቴ ከደላንታ ዘመድ ያስመጡትን ጓያ በሁለት ጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። አንደኛው የዘንድሮ፥ ሁለተኛው የአምና ነው። የአምናውን በቀይ ክር አስረውታል፥ እንዳይደባለቅብኝ። «ስንት ጊዜ ውኃው ይደፋ?» ብለው ጠየቁኝ። «አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ፥ ሦስት ጊዜም አድርጌ አየዋለሁ» አልሁ። «በሙቅ ነው በቀዝቃዛ?» አሉ። በሙቅ ማድረግን አላሰብሁበትም ነበርና በደብተሬ ላይ ጻፍሁት። አባቴ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በሁለት ምርኵዛቸው ሸኙኝ፤ አውቶቡሱም ሊነሣ ሲል በመስኮቱ በኩል፥ «ቢጫው ሲወጣ በስልክ ንገሪኝ፤ አያትሽ ትጠይቀኛለች» አሉኝ።